አንድሩ ላቭን ፍለጋ ሜምፊስ

ለፋሲካ ናሽቪል እህቴ ጋ ነበርኩ። ከዚያ እስከ ሜምፊስ በመኪና ሦስት ሰዓት ነው። "ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጂው?" አለችኝ። አንድ ሳክስፎን ነፊ ልፈልግ አልኳት። ሰውየው ካረፈ ቆይቷል። ቢሆንም ያደገበትን ሰፈርና የሠራበትን ቤት በዓይኔ ማየት ፈልጌያለሁ።

አንድሩ ላቭ ይባላል። ስሙን ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ትንፋሹን ግን ሰምታችኋል። ኦቲስ ሬዲንግ ሲዘፍን ከኋላ የሚመልስለት ቴነር ሳክስፎን እሱ ነው። ሳም እና ዴቭ ጋ አለ። አል ግሪን ጋ አለ። ኤልቪስ ፕሪስሊ በፈረንጆቹ 1969 ሜምፊስ በቀረጻቸው ዘፈኖች ላይም አለ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ዘፈን ሲያሳምር ኖረ።

እኔን ይሄ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ያንገበግበኛል። ደሴ እያለን አባቴ የአለማየሁ እሸቴን ካሴት ሲከፍት እኔ የምሰማው ብራሱን፣ ትራምፔትና ሳክስፎኑን ነበር። ማን ነው የሚነፋው? ብዬ ሽፋኑን ሳገላብጥ የዘፋኙ ፎቶ ብቻ። አባቴ "ከክቡር ዘበኛ ወይም ከፖሊስ ልጆች አንዱ ይሆናል" ይለኝ ነበር። አሜሪካም ያው ነው። በዚያ ዘመን ነጠላ ሸክላ ላይ የአጃቢ ስም አይጻፍም።

መንገዱ ዛፍና ከባድ መኪና ነው። ሌላ የምነግራችሁ የለኝም።

ያደርኩበት ሞቴል ግን አስለቅሶኛል። ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ ይንኳኳል፤ ሳጠፋው ደግሞ ክፍሉ ይታፈናል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዳ መቀበያው ወረድኩ፣ ሰው የለም። ደወሉን ደጋግሜ መታሁ፣ ማንም አልመጣም። ለዚህ 94 ዶላር! ደሴ ቢሆን ባለቤትየዋ ራሷ ተነስታ ይቅርታ ትጠይቀኝ ነበር፤ ጠዋትም ቁርስ ሳታበላኝ አትለቀኝም። በዚያ ላይ ማታ የሜምፊስ የሙዚቃ ቤቶች ጎዳና ቢል ስትሪት አካባቢ መኪና ላቆም ስል "10 ዶላር" የሚል ታፔላ አይቼ ገባሁ። ስወጣ ልጁ 40 አለኝ። ዛሬ ዝግጅት አለ ነው ምክንያቱ። ተከራከርኩ፣ አልሆነም። ከፍዬ ወጣሁ፤ ቢል ስትሪትንም በቅጡ ሳላይ ተኛሁ።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስታክስ ሙዚየም ደጃፍ ነበርኩ። ስታክስ አንድሩ የነፋበት የሸክላ ኩባንያ ነው። ማክሌሞር ጎዳና፣ ቁጥር 926። ቤቱ ድሮ ሲኒማ ቤት ነበር። በ1960 ጂም ስቱዋርትና ታላቅ እህቱ ኤስቴል አክስተን ተከራይተው ስቱዲዮ አደረጉት። ጎን ለጎን ኤስቴል ሸክላ ቤት፣ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ከፈተች። ዛሬ የሚታየው ሕንፃ ግን የመጀመሪያው አይደለም። ኩባንያው በ1975 ከሰረ፣ ሕንፃውን በ1989 አፈረሱት። ያን ሁሉ ዘፈን የወለደ ቤት! ሙዚየሙ በዚያው ቦታ የተከፈተው በ2003 ነው።

ስትገቡ ከሚሲሲፒ ገጠር ነቅለው ያመጡት አሮጌ የእንጨት ቤተክርስቲያን ውስጡ እንደነበረ ቆሟል። እዚያ ብዙ ቆየሁ። የአንድሩ አባት የማውንት ኒቦ ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ፓስተር ነበሩ፣ ልጁም መንፋት የጀመረው በአባቱ ቤተክርስቲያን ውስጥ ነው። እኛ ጋ ካህኑ ልጁ ሳክስፎን ይዞ ሲገባ ቢያዩ ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ።

የስታክሱ ዘፋኝ የአይዛክ ሄይስ ወርቅ የተለበጠ ካዲላክ መኪና ፊት ሰዉ ሁሉ ሰልፊ ይነሳል። አለፍኩት። እኔ የመጣሁት ለስቱዲዮው ነው።

ስቱዲዮውን እንደ ድሮው አድርገው ሠርተውታል። ወለሉ ቁልቁል ያዘነብላል። የሲኒማ ቤት ወለል ስለነበር አላስተካከሉትም፤ ለዚያ ቤት ድምፅ የራሱን ጣዕም የሰጠው አንዱ ነገር ይሄ ነው ይባላል። ጫማዬን አውልቄ ቆምኩ። እውነትም እግር ያውቀዋል፣ ተረከዝ ከፍ፣ ጣት ዝቅ። ነፊዎቹ እዚህ ተዳፋት ላይ ቆመው ቀኑን ሙሉ ይነፋሉ። ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ የተጻፈ ኖታ የለም። ኦቲስ ይመጣና ለእያንዳንዱ ድርሻውን በአፉ እያዜመ ይሰጠዋል። እነሱም ወዲያው ይዘው ይደግሙታል። ለዚህ ጆሮ ያስፈልጋል፣ ከጆሮ በላይ ደግሞ ራስን መግታት። ዘፋኙ ሲናገር ዝም፣ ሲተነፍስ ገባ፣ ወዲያው ወጣ። እኔ ከማንኛውም ረጅም ሶሎ ይሄ ይበልጥብኛል።

ከአንድሩ ጎን የሚቆመው ትራምፔት ነፊ ዌይን ጃክሰን ነበር። ሁለቱም በኅዳር 1941 በሦስት ቀን ልዩነት ተወለዱ። አንድሩ ጥቁር፣ የሜምፊስ ልጅ። ዌይን ነጭ፣ ከወንዙ ማዶ የዌስት ሜምፊስ ልጅ። በዚያ ዘመን ከስቱዲዮው ደጅ ውጭ አብረው ምግብ የሚበሉበት ቦታ መፈለግ ነበረባቸው። አንዱ የሎሬይን ሞቴል ነው፤ የስታክስ ሰዎች ጥቁርም ነጭም እዚያ ይሰበሰቡ ነበር። ኦቲስ በታኅሣሥ 1967 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። አራት ወር ሳይሞላ ማርቲን ሉተር ኪንግ በዚያው ሞቴል በረንዳ ላይ ተገደሉ። ከሰዓት በኋላ ሄጄ ከበረንዳው ሥር ቆምኩ። ክፍል 306። ፎቶ ማንሳት አልቻልኩም።

ሁለቱ ሰዎች ግን አልተለያዩም። በ1969 "ሜምፊስ ሆርንስ" ብለው የራሳቸውን ድርጅት አቆሙና ለጠራቸው ሁሉ መሥራት ጀመሩ። አንድ ትራምፔት፣ አንድ ቴነር፣ በቃ። ይሄን ነገር ሳስበው ደስ ይለኛል። ደሞዝ ተቀባይ የነበሩ ሰዎች የገዛ ድምፃቸውን ባለቤት ሆኑ።

ምሳ ፎር ዌይ ሄድኩ። ከ1946 ጀምሮ ያለ ትንሽ ምግብ ቤት ነው፣ ከስታክስ ሩቅ አይደለም። ወንበር ስላልነበረ አንድ ሽማግሌ "ነይ ልጄ፣ እዚህ ተቀመጪ" አሉኝ። ዓሣ ጥብስና ጎመን አዘዝኩ፤ ጎመኑ ከእናቴ ጎመን በሥጋ ብዙም አይርቅም። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ሹካቸውን አስቀመጡ።

"ለሳክስፎኑ ነው የመጣሽው?"

"አዎ አባባ፣ ለአንድሩ ላቭ።"

"ሰው ሁሉ ለኦቲስ ነው የሚመጣው" አሉና ሳቁ። ልጅ ሆነው ኤስቴል ሸክላ ቤት ውስጥ ይውሉ እንደነበር አጫወቱኝ። አዲስ ቅጂ ሲወጣ ለሰፈሩ ልጆች ታሰማለች፣ ከደነሱ ይሸጣል ማለት ነው። "እግራችንን ነበር የምታየው" አሉኝ። ከዚያ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ የብራሱን መግቢያ በአፋቸው ነፉልኝ። ዘፈኑን ወዲያው አወቅኩት። ቃሉን ትተው ብራሱን ብቻ! ሒሳብ ልከፍል ስል ቀድመውኝ ከፍለዋል። የሌሊቱ ንዴቴ እዚያው ጠፋ።

አንድሩ ላቭ በመጨረሻ ዓመታቱ አልዛይመር ያዘው፣ መንፋትም አቆመ። በየካቲት 2012 ትልቁ የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ግራሚ ለሁለቱም የዕድሜ ልክ ክብር ሽልማት ሰጣቸው። አንድሩ በሚያዝያ አረፈ። ሽልማቱ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ቢመጣ ምን ነበረበት? ዌይን ከእሱ በኋላ አራት ዓመት ኖረ።

ስመለስ ሙዚየሙ አጠገብ ካለው የስታክስ ሙዚቃ አካዳሚ ልጆች ሲወጡ አየሁ። አንዷ የቴነር ሳክስፎን ሳጥን ተሸክማለች፣ ቁመቷን ሊያክል ምንም አልቀረው። መኪናዬን አቁሜ መስታወቱን ዝቅ አደረግኩና "በርቺ!" አልኳት በአማርኛ። ፈገግ አለች።

ለምትሄዱ፦ ስታክስ ሰኞ ዝግ ነው። ቢያንስ ግማሽ ቀን ስጡት። ፎር ዌይ ከሰባት ሰዓት በፊት ግቡ፣ በኋላ ሰልፍ ነው። አል ግሪን የቀረጸበት ሮያል ስቱዲዮ እስካሁን ይሠራል፤ እኔ ከውጭ ነው ያየሁት፣ እናንተ ቀድማችሁ ደውሉ። ቢል ስትሪት ደግሞ መኪና ከማቆማችሁ በፊት ዋጋውን በቃል አስነግሩ።