ከከዚራ እስከ መኪና ግርግር፦ የሚጽፉ ልጆች ፍለጋ

ድሬዳዋ ምን ልትሠራ ነው ለሚለኝ ሁሉ «የሚጽፉ ልጆች ላገኝ» ስለው ይስቅብኛል። ድሬ ለሠርግ ይኬዳል። ለንግድ ይኬዳል። ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ቁልቢ ገብርኤልን ለመሳለም በዚያ በኩል ይኬዳል። የድርሰት ነገር ሲሆን ግን ሁሉም ወደ አዲስ አበባ ይመጣል እንጂ ከአዲስ አበባ ወጥቶ የሚፈልግ የለም። ይኼ ነገር ነው ያስነሳኝ።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። እ.ኤ.አ. 2021 ለአፍሪካ ጸሐፊዎች ልዩ ዓመት ነበር። ዛንዚባር የተወለደው አብዱልረዛቅ ጉርናህ ኖቤልን ወሰደ። ደቡብ አፍሪካዊው ዴመን ጋልጉት ቡከርን፣ ሴኔጋላዊው ሞሐመድ ምቡጋር ሳር ደግሞ የፈረንሳዩን ጎንኩር። በዚያው ዓመት ለአፍሪካ አጭር ልብ ወለድ የሚሰጠውን የኬይን ሽልማት አዲስ አበባ የተወለደችው ሜሮን ሀደሮ አሸነፈች። ሽልማቱን በማግኘት ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ናት። ያሸነፈችበት ታሪክ ጌቱ የሚባል የአዲስ አበባ ጎዳና ጠራጊ ልጅ ሸራተን ውስጥ ወደተዘጋጀ የመሸኛ ግብዣ ለመግባት ስለሚያደርገው ጥረት ነው። ስለነዚህ ሰዎች ብዙ ተብሏል። እኔ የፈለግኩት ስማቸው ገና ሽፋን ላይ ያልወጣውን ነው። ምን አይተው፣ ምን ሰምተው ነው መጻፍ የሚጀምሩት?

ባቡሩ የሚያወርደው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ከዚያ በባጃጅ ከዚራ ሠፈር ገባሁ። የጥንቱ የለገሃር ጣቢያ አሁንም ፊቱን ወደ አደባባዩ አዙሮ ቆሟል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላቃተው ሜዳው ላይ ቀረ፣ ከተማዋም በዚያ ሰበብ ተቆረቆረች። መጀመሪያ የወጣላት ስም እንኳ «አዲስ ሐረር» ነበር። የከዚራ መንገዶች ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ፈረንሳዮቹ በማስመሪያ ያሰመሯቸው ይመስላሉ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ያለው መጋላ ሠፈር ግን ማስመሪያ የሚባል ነገር አያውቅም። እኔ የሚመቸኝ መጋላ ነው።

ቀን ላይ ሙቀቱ ለወሬም አይመችም። ልጆቹን ያገኘኋቸው ጀምበር ካዘቀዘቀች በኋላ፣ ከዚራ ዛፍ ሥር ካለች ሻይ ቤት ነው። አንዱን በቴሌግራም አውቀው ነበር፤ እሱ ሌሎቹን ጠርቶ ጠበቀኝ። ገና ከመቀመጤ «አንተ፣ ከስታሃል ወይስ ፎቶህ ነው የሚዋሸው?» አለኝ። በዕድሜ የትና የት እበልጠዋለሁ። ድሬ ላይ ግን አንቱታ ብዙ አይሠራም፣ ለዚያ የመጣ እንግዳ ቶሎ ይለምደው።

ይኼ ልጅ ታይዋን ገበያ ሞባይል ይጠግናል። ለመጻፍ ምን አነሳሳህ ስለው የመጽሐፍ ስም ይጠራል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ስክሪን» አለኝ።

«የምን ስክሪን?»

«ስክሪን የሰበረ ሰው ሁሉ ይዋሻል አቦ። ሁሉም ወደቀብኝ ነው የሚለው። የወደቀና የተወረወረ ስልክ ግን አሰባበሩ ይለያያል። እኔ አየዋለሁ፣ ዝም እላለሁ፣ ማታ እጽፈዋለሁ።»

አንዱን አነበበልኝ። አንዲት ሴት ስልኳን ልታሠራ መጥታ ዋጋ ስትከራከር ነው። ስለ ትዳሯ አንድም ቃል አትናገርም። ደጋግማ የምትጠይቀው ፎቶዎቹ ይተርፉ እንደሆነ ነው። ይተርፋሉ ሲላት ታመነታለች፣ «ሁሉም?» ትለዋለች። እዚያች «ሁሉም?» ላይ ስትደርስ ባልየው የት እንዳለ ይገባሃል። ይኼን የጻፈው እዚያው ሥራው ላይ፣ ጥግ ላይ በተሰነጠቀ የራሱ ስልክ ነው። የራሱን አይጠግንም።

አጠገቡ የተቀመጠችው የነርስ ተማሪ ናት። ግጥም ትጽፋለች፣ በአማርኛ። ያሳደገቻት አያቷ ሶማሌ ናቸው፤ የሶማሌውን ገጣሚ የሐድራዊን ግጥሞች በቃላቸው ይሏቸዋል። ሐድራዊ እ.ኤ.አ. በ2022 ሀርጌሳ ውስጥ ሲያርፍ አያትየው እንደ ቤተሰብ ለቅሶ ተቀምጠው እንደነበር ነገረችኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ደስ ያለኝ ቦታ ነውና። የእኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ነው። የሶማሌ ባህላዊ ግጥም ግን የሚገጥመው በቃላቱ መነሻ ነው። አንድ ድምፅ ትመርጣለህ፣ «ደ» ካልክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በየስንኙ በ«ደ» የሚጀምር ቃል መኖር አለበት። መቶ ስንኝ ከሆነም መቶውንም። ይህች ልጅ ሁለቱን በአንድ ላይ ትሞክራለች። መነሻው ለአያቷ፣ መድረሻው ለአማርኛ አስተማሪዋ። በ«ቀ» የጻፈችውን ሰማሁት። ሦስት አራት ቦታ ላይ ቃሉ በግድ እንደገባ ያስታውቃል፤ ነገርኳትም። ከዚያ ውጭ ግን እንዲህ ያለ የአማርኛ ግጥም ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ምርቃና መጠየቄ አልቀረም። ሐረርጌ መጥቶ ስለ ጽሑፍና ጫት የማይጠይቅ የለም። አንድ አስተማሪ መሃላቸው ነበር፣ እሱ መለሰልኝ። «ባርጫ ላይ ልብ ወለድ ይጨረሳል። ጠዋት ስትነሳ አንድ ገጽ ነው፣ እሱም አይነበብም።» ሳቁ። ሁለቱ ግን ለምን እንደሳቁ እርግጠኛ አይደለሁም፤ አመሻሹ ላይ ጉንጫቸው ሞልቶ ነበር።

ስለ ጎረቤት አነሳሁባቸው። ኑሩዲን ፋራህ ባይደዋ ተወልዶ ያደገው ቀላፎ ነው፣ እዚሁ ሶማሌ ክልል። እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ካለፍላጎቷ ልትዳር ስትል ስለጠፋች የአርብቶ አደር ልጅ ነው። ናዲፋ ሞሐመድ የሀርጌሳ ልጅ ናት፣ የመጀመሪያ መጽሐፏን በአባቷ የልጅነት ስደት ላይ ነው የመሠረተችው። የጅቡቲው አብዱራህማን ዋበሪ ደግሞ ዓለምን ገልብጦ፣ አፍሪካ ሀብታም፣ አውሮፓውያን ስደተኛ የሆኑበት ልብ ወለድ ጽፏል። ይኼኛውን ስነግራቸው ጠረጴዛው ተናጋ። ሁሉም ማንበብ ፈለገ። ችግሩ፣ ኑሩዲንና ናዲፋ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ፣ ዋበሪ በፈረንሳይኛ ነው። እኔ በድሬ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ስዞር አንዳቸውንም በአማርኛ አላገኘሁም። የሩሲያ ደራሲ ግን አገኘሁ። በመኪና በአንድ ጀምበር የሚደረስበት ጎረቤት ጠፍቶ የሞስኮው መገኘቱ ያናድደኛል፣ ሩሲያውያኑን ብወድም።

ናይጄሪያዊውን አቼቤን ያውቁታል። ሐዲስ ዓለማየሁን ማንም አይጠየቅም፤ የነርስ ተማሪዋ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን መጀመሪያ ያወቀችው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው በተቀዳው ድምፅ ነው፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ምሽት ላይ። አስተማሪው አንድ ነገር ጣል አደረገ። የአቼቤ የመጀመሪያ ልብ ወለድ የወጣው በ1958 ነው፣ የሐዲስም በ1958። አንዱ በእነሱ፣ አንዱ በእኛ አቆጣጠር። ለተማሪዎቹ ፈተና ላይ አምጥቶት ግማሹን ክፍል እንደጣለበት በኩራት ነገረን።

በማግስቱ በሚኒባስ ሐረር ወጣሁ። ደንገጎን ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያልን ስንወጣ አየሩ ይቀየራል፤ ሹራብ ያልያዘ ይጸጸታል። አወዳይ ላይ ጫት ይጫናል፣ ይጮሃል፣ ይታለፋል።

ጁገል፣ በግንብ የታጠረው የጥንቱ ሐረር ውስጥ፣ እንግዳን መጀመሪያ የሚወስዱት ራምቦ ቤት ነው። ትኬት ቆርጬ ገባሁ። ቤቱ ያምራል፣ ባለቀለም መስኮቶቹ በተለይ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ሲደርስ ግጥም ከተወ ቆይቷል። እዚህ ቡናና ቆዳ ነገደ፣ ለምኒልክ ጠመንጃ አመጣ፣ ለእናቱ ደብዳቤ ጻፈ። አሁን የቆመው ቤት ደግሞ ኋላ በህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው ይባላል። እንግዲህ አስቡት፣ ሐረር ላይ አንድ ግጥም ያልጻፈ ሰው፣ ባልኖረበት ቤት ይጎበኛል። ቅር አላለኝም። ግን ከዚያ ቤት የአምስት ደቂቃ መንገድ ርቃ ከምትጽፍ ልጅ ጋር ቀጠሮ ነበረኝ።

መኪና ግርግር ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ የሚወርደው የልብስ ሰፊዎች ጎዳና ነው። የስፌት መኪናው ድምፅ ነው ስሙን የሰጠው። ልጅቷ አጎቷ ሱቅ ትሠራለች፣ ልኬት ትመዘግባለች። የትእዛዝ ደብተሩን አሳየችኝ። «ደረት 96፣ ወገብ 84፣ ለዐርብ» ይላል። ከሥሩ በዚያው እስክሪብቶ፣ ግን ጠበብ ባለ ጽሑፍ፣ «ባለፈው ዓመት ወገቤ 78 ነበር ብላ ከሜትሩ ጋር ተጣላች» ይላል። ገጹን ስታገላብጠው ግማሹ ልኬት፣ ግማሹ ታሪክ ነው። አጎቷ ያውቃሉ። «ደንበኛ እንዳያይብሽ ብቻ» ይሏታል፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እኔንም ጽፋኛለች፣ ስስታም አድርጋ» አሉኝ። ቁቲ አስመጡልን፤ የቡና ቅጠሉን በወተት።

የእሷ ትምህርት ቤት የእናቷ አፎቻ፣ የሴቶቹ ማኅበር ነው። ሴቶቹ ነደባው፣ የሐረር ቤት መደብ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ከልጅነቷ ጀምሮ ታዳምጣለች። ማን መጀመሪያ ይናገራል፣ ማን ዝም ብሎ ያሸንፋል፣ ወሬው መቼ ከአደርኛ (ከሐረሪዎች ቋንቋ) ወደ ኦሮምኛ ይዞራል፣ ሁሉንም መዝግባለች። የሸሪፍ ሙዚየም ደግሞ ሌላ ነገር አሳያት። አብዱላሂ ሸሪፍ በየቤቱ የቀሩ የሐረር የእጅ ጽሑፎችን ሰብስበው፣ አጠራረዙን ራሳቸው ተምረው የሚጠግኑ ሰው ናቸው። «እኛ መጻፍ አዲስ መስሎን ነበር» አለችኝ። «በዚህ ሠፈር ወረቀት ስንት ዘመን ተጠርዟል!»

በአማርኛ መጻፏን የሚወቅሷት አሉ። ለምን በአደርኛ አትጽፊም ይሏታል። የኬንያውን ንጉጊ ዋ ቲዮንጎን ጠቀስኩላት። ካሚቲ እስር ቤት ሆኖ የመጀመሪያውን የጊኩዩ ልብ ወለዱን በመጸዳጃ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ከዚያ በኋላ ልብ ወለዶቹን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የጻፈ ሰው ነው። ትንሽ አሰበች። «እሱ የተጣላው ከእንግሊዝኛ ጋር ነው። እኔ ከማን ጋር ልጣላ? አጎቴ በአራት ቋንቋ ነው ዋጋ የሚከራከረው።» ንጉጊን አከብራለሁ፣ ግን መኪና ግርግር ላይ ክርክሩን ያሸነፈችው እሷ ናት። ሰዎቿ ኦሮምኛና አደርኛ እንደመጣላቸው ይቀላቅላሉ፣ ማብራሪያም አታስቀምጥም። የሐረር አንባቢ ይረዳል፣ የሌላው ይድከም ባይ ናት።

ድሬ ተመልሼ ያመሸሁት ከስልክ ጠጋኙ ጋር ነው። ኬይን ሽልማት በአማርኛ ይወዳደራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ከታተመ ይቻላል፣ ለአሸናፊው 10,000 ፓውንድ ነው አልኩት። «ተርጓሚውን ማን ሊከፍለው?» አለ። መልስ አልነበረኝም። እሱ ግን ሌላ መንገድ እያሰበ ነው። ሀርጌሳ ላይ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ ይካሄዳል። ሐረር፣ ጅጅጋ፣ ቶጎ ውጫሌ፣ ከዚያ ድንበር ተሻግሮ ሀርጌሳ። የትራንስፖርቱን ሒሳብ ሠርቶ ጨርሷል። የነርስ ተማሪዋ አያት ዘመድ ዘንድ ያሳድሯቸዋል። የቀረው ፓስፖርት ነው።

«ያቺ የስክሪኗ ሴት ደግሞ መጣች» አለኝ ሒሳብ ስንከፍል። «ታሪኩን አነበብኩላት።»

«አበድክ እንዴ? ምን አለችህ?»

«ወላሂ ሳቀች። ‹የወረወርኩትስ እኔ ነኝ› አለችኝ።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«መቀየር ነዋ! እንደውም አሁን ይሻላል።»