የጓሳ ሕግና የእናቴ ወረንጦ

እናቴ በማተቧ ላይ፣ ከመስቀሏ ጎን፣ አንዲት ትንሽ የብረት ወረንጦ አስራ ትኖር ነበር። ልጅ ሳለሁ ጌጥ ትመስለኝ ነበር፤ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኗን የሚወጋውን የዐይኗን ፀጉር የምትነቅልባት መሆኗን የተረዳሁት ከፍ ካልኩ በኋላ ነው። እሷም ሆነች ጎረቤቶቻችን ምክንያቱ የኩበት ጭስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በሽታው ግን ትራኮማ ነው፤ በዝንብ፣ በእጅና ባልታጠበ ፊት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ባክቴሪያ ነው ያመጣባት። ጭሱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ ሌሊት ሌሊት የሚያስላት እሱ ነው፣ በየቤቱ የሕፃናቱን ሳንባ የሚጎዳውም እሱ ነው።

መንዝ ብርድ ነው፤ እሳት ሳይነድ አይመሽም። እንጨት ስለሌለ እናቴ እበቱን ከጭድ ጋር በእጇ ለውሳ ትጠፈጥፋለች፤ አንዱ ገጽ ሲደርቅ ታገላብጣለች፤ በመጨረሻም እንደ ጎጆ ከምራ፣ ክረምት እንዳያበሰብሰው ላዩን በእርጥብ እበት ትመርገዋለች። ያ ክምር ወደ ማሳ ቢገባ ለገብሱ ማዳበሪያ በሆነ ነበር። እኛ ግን የመሬቱን ምግብ አንድደን፣ ጭሱን ተንፍሰን፣ በዓመቱ ምርቱ ለምን እንደቀነሰ እንጠያየቃለን።

የተራቆተ ኮረብታ ማገዶ ብቻ አይደለም የሚያሳጣው። ዝናቡን ይዞ ወደ ውስጥ የሚያሰርገው ዛፍና ሣር ሲጠፋ ውሃው አፈሩን እየጠረገ ይወርዳል፤ ከግርጌ ያለውም ምንጭ በበጋ ይደርቃል። በሰፈራችን ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድና ወይራ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ እስከ ሚያዝያ ሲዘልቅ፣ ከባዶው ጋራ ሥር የነበሩት ሁለቱ ከጥር አያልፉም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ "እማማ፣ የልጆቹን ፊት በየቀኑ እጠቡላቸው እንጂ" ስትላቸው፣ አንዲት ጎረቤታችን "ልጄ፣ በየትኛው ውሃ?" ብለው የመለሱላትን አልረሳውም። ትራኮማ በአገራችን ከማንኛውም ክልል ይልቅ በአማራ ክልል የከፋ መሆኑን ሳነብ የሚታወሰኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ይህ ችግር ያለ መላ የኖረ አይደለም። በዚሁ በመንዝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋው የወል የሣር ምድር፣ ጓሳ፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደተጠበቀ ይነገርለታል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር። የአገሩ አቅኚ አባቶች የሚባሉት የአስቦና የጌራ ዘሮች አባ ቄራ የሚሉትን አለቃ ይመርጣሉ፤ መሬቱ ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ከዚያ በበጋ ተከፍቶ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለእረኛ ገሳ ይታጨዳል፤ ማገዶም ይለቀማል። ጉባኤው የሚጠራው በደብሩ ደጃፍ ስለነበር፣ ሕጉን የጣሰ ሰው የሚዳፈረው ጎረቤቱን ብቻ ሳይሆን የተማማለበትን ታቦት ጭምር ነበር። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እስከ ዛሬ የተረፉት፣ ወደ ዓባይም ወደ አዋሽም የሚወርዱት ወንዞች ምንጫቸው ያልነጠፈው በዚያ ሕግ ጥላ ሥር ነው።

ሥርዓቱን ያለ ነቀፋ አላወድሰውም። ዘሩ ከአስቦ ወይም ከጌራ የማይመዘዝ ሰው ሣሩን በሩቅ ከማየት በቀር ድርሻ አልነበረውም፤ "መሬት ለአራሹ" ብሎ የተነሣው ትውልድም የተነሣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን፣ ርስቱን ተከትሎ ቄሮም ወደቀ፤ በእሱም ምትክ ያን ያህል የሚከበር ጠባቂ አልተተካም። ጓሳ ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ ሁሉም አጨደ፣ ሁሉም አሰማራ። ኋላ ማኅበረሰቡ ራሱ የጋራ ምክር ቤት አቋቁሞ ጥበቃውን ባያድሰው፣ ከጊዜም በኋላ ቦታው በክልሉ ሕግ ባይታወቅ ኖሮ፣ ዛሬ የምንተርክለት ጓሳ ባልኖረ ነበር።

በደርግ ዘመን በዘመቻ የተተከለውን ደን ደግሞ እናስበው። ሕዝቡ በገዛ ጉልበቱ የተከለውን ዛፍ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ መጥረቢያ ይዞ ወጣበት፤ ዛፉን የሚያየው እንደ መንግሥት ንብረት እንጂ እንደ ራሱ አልነበረምና። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ችግኝ ስንተክል የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ቁጥሩ በቴሌቪዥን ይነገራል፤ በሦስተኛው ዓመት ከብት የሚከለክልለት ማን እንደሆነ፣ ሲደርስም ቅርንጫፉን ማን እንደሚለቅም ግን ስብሰባው ላይ አይነሣም። በዚህ ላይ ገበሬው ከምንጩ ራስጌ ባሕር ዛፍ ቢተክል አልፈርድበትም፤ አጣናው ይሸጥለታል፣ የራሱ ስለመሆኑም አይጠራጠርም። ምንጩ ግን ይጎዳል።

ቤተ ክርስቲያን ቅጽሯን ጠብቃ እዚህ አድርሳለች፤ ለዚህ ምስጋና ይገባታል። ነገር ግን ቃሏ ከቅጽሩ አልፎ እስከ ወል መሬቱ ቢደርስ እመኛለሁ። የካህን ቃል በጤና ጉዳይ ምን ያህል እንደሚሠራ አይተናል፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጸበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ በተናገሩ ጊዜ፣ በሁለቱ መካከል ተጨንቆ የነበረ ስንት ምእመን እፎይ ብሏል።

በቤታችንም የሆነው ይህንኑ ይመስላል። እናቴ ስለ ዐይኗ ጸበል እንጂ ምላጭ አልሻም ብላ ስንት ዓመት አስቸግራናለች። አንድ ቀን የነፍስ አባቷ ጠዲቅ ሊቀምሱ መጥተው ወረንጦዋን ሲያዩ፣ "እማሆይ፣ ሐኪሙንስ የፈጠረው ማን ሆነና ነው? ጸበሉን ተጠምቀሽ ሂጂ" አሏት። በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ የሽፋኑ ቀዶ ሕክምና አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ያው ቄስ አሁን ከቅዳሴ በኋላ ከባዶው ጋራ ሥር ስላሉት ሁለት ምንጮች መናገር ጀምረዋል። ጋራው ለሦስት ዓመት ይዘጋ ወይስ አይዘጋ የሚለው ገና አልተወሰነም፤ በጎች ያሏቸው ሰዎች የት እናሰማራ ይላሉ፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ቄሱ በሚቀጥለው እሑድ በአንድ ዛፍ ሥር እንዲቀመጡ ተቀጣጥረዋል፤ እናቴም ልሄድ ነው ብላለች።