ቤት ከማራገፋችሁ በፊት ወረቀቱን ለዩ

አባታችን ካረፈ በኋላ የእማዬን ቤት ከእህት ወንድሞቼ ጋር ሆነን አራገፍን። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ትውልድ የኖረበት ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ቁምሳጥኑ ላይ ሻንጣ፣ ሻንጣው ላይ ሌላ ሻንጣ፣ አልጋ ስር ጀሪካን። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ባለመኖሩ እስካሁን ስለሚቆጨኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ለእንቁጣጣሽ ብላችሁ ቤት አታራግፉ። ጳጉሜን ገና ዝናብ ነው፤ ያወጣችሁትን ፍራሽና ብርድ ልብስ የምታሰጡበት ፀሐይ የለም። ጥቅምትን ጠብቁ።

ልብሱ ቀላል ነበር። የአባባ ለተቸገሩ ተሰጠ፣ የተረፈውን ለልዋጭ ሰጥተን ሳፋ ወሰድንበት። ጠርሙሱንና ብረታ ብረቱን ቆራሌው ገዛ። በድግስ ድስቶቹ ከእማዬ ጋር ተከራክረናል። «ለቅሶ ቢመጣስ?» ትላለች። እድሩ ድንኳንም ድስትም ወንበርም አለው፤ መዋጮ የምንከፍለው ለዚሁ ነው። ኢንተርኔት ላይ «ዓመት ሙሉ ያልነካችሁትን ጣሉ» የሚሉትን ግን አትስሙ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን አይጣልም።

ያቃጠለን ወረቀቱ ነው። አባባ የግብር ደረሰኝ ጥሎ አያውቅም፤ በየዓመተ ምሕረቱ እያሰረ ማዳበሪያ ሞልቶ ነበር። ከመጣሉ በፊት ወረዳ ሄጄ ጠየቅሁ። መስኮቱ ላይ የነበረው ልጅ «እህቴ፣ የመጨረሻው ደረሰኝ ይበቃል፤ ሌላው ኮምፒውተር ውስጥ አለ» አለኝ። በእሱ ቃል ማዳበሪያው ለቆራሌው ሄደ።

ከዚያ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥተን ስም ልናዛውር ቀረብን። የይዞታ ካርታው ላይ ያለው አድራሻ በከፍተኛና በቀበሌ ነው፤ ከፍተኛ ማለት ከቀበሌ በላይ የነበረው የድሮ የከተማ አስተዳደር እርከን ነው። ከፍተኛ ቀረ፣ በ1995 አዲስ አበባ በክፍለ ከተማ ተደራጀች፣ በኋላ ቀበሌውም ወረዳ ሆነ፣ የቤት ቁጥራችንም ተቀየረ። «ካርታው ላይ ያለው ቤትና ይህ ቤት አንድ መሆኑን በምን እናውቃለን? የድሮ ደረሰኝ የላችሁም?» ተባልን።

«ኮምፒውተር ውስጥ አለ ተብዬ ነበር» ስል፣ «ሲስተም ላይ የገባው አዲሱ ብቻ ነው» አሉኝ። መዝገብ ቤት ስሄድ ፋይሉ ክፍለ ከተማ ነው፤ ክፍለ ከተማ ስሄድ ወረዳ ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ የሚፈላው እዚያው ግቢ ውስጥ የተነገረኝን ቃል የሚቀበለኝ ማጣቴ ነው። «ማን ነው ያለሽ?» ይሉኛል። ባጅ ያላንጠለጠለ ሰው ስሙን ከየት ላምጣ?

ያተረፈን የእማዬ ፍራሽ ነው። ከስሩ ካስቀመጠቻቸው ወረቀቶች መሃል የድሮ የውሃ ውል ተገኘ፤ በእስክሪብቶ የተሞላ፣ እጥፋቱ ላይ የተቀደደ፣ ሐምራዊ ክብ ማህተሙ የደበዘዘ። አድራሻው ከካርታው ጋር አንድ ነው። የውል ቁጥሩ ደግሞ በየወሩ በምንከፍለው ቢል ላይ ያለው ራሱ ነው፤ ቢሉ ላይ አድራሻው በወረዳ ተጽፏል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አቀረብኩ። ኃላፊዋ በጣቷ ቁጥር በቁጥር ተከትላ አነበበችና «ይሄ ይሆናል» አለች። የእማዬን የወረቀት አቀማመጥ ስንት ጊዜ ተነጫንጨንበት ነበር!

እና ክብ ማህተም ያለበት ወረቀት ማንም ምንም ቢላችሁ አትጣሉ፤ ከ1995 በፊት የወጣ ከሆነማ ጭራሽ አትንኩት። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወደ መንግሥት ያዞረው የ1967ቱ አዋጅ ዘመን ወረቀት በእጃችሁ ካለ ከወርቅ ጋር ቆልፉበት። ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ መሥሪያ ቤት የሚጠይቃችሁ ግን ዋናውን ነው። «አያስፈልግም» የሚላችሁን ባለሥልጣን «በጽሑፍ ይስጡኝ» በሉት፤ አልጽፍም ካለ ወረቀቱን ይዛችሁ ተመለሱ።

እኛ አሁን በማዳበሪያ ፋንታ ክላሰር ገዝተናል፤ የከፍተኛ ዘመን፣ የቀበሌ ዘመን፣ የወረዳ ዘመን ብለን ከፍለነዋል። ማህተም የሌለውን የመብራትና የውሃ ቢል ከየዓመቱ አንድ አንድ እያስቀረን ሌላውን ለቆራሌው እንሰጣለን።