መንጠቆዋ

ድሮ በመርከብ አሜሪካ የሚገቡ ስደተኞች ይመረመሩበት ወደነበረው ኤሊስ ደሴት የሄድኩት የአክስቴ ልጅ «ኒው ጀርሲ ድረስ መጥተሽማ ሳታዪው አትመለሺም» ብላ ስለያዘችኝ ነው። ከሊበርቲ ስቴት ፓርክ በጀልባ ተሻገርን። ፍተሻው የኤርፖርት ያህል ነው፤ ጀልባው ላይ ደግሞ ሰዉ ሁሉ የነፃነት ሐውልቷን ፎቶ ለማንሳት ወደ አንድ ጎን ይጋፋል።

ትልቁ የመመዝገቢያ አዳራሽ ያምራል፤ ጣሪያውን ቀና ብለው ካዩት አንገት ያማል። እኔን ያስቆመችኝ ግን ሙዚየሙ ውስጥ ያየኋት ትንሽ መንጠቆ ናት። የጫማና የጓንት ቁልፍ መቆለፊያ ነበረች። ሐኪሞቹ ግን የስደተኛውን የዓይን ቆብ ይገለብጡባት ነበር፣ ዓይን የሚያሳውረውን ተላላፊ በሽታ፣ ትራኮማን ፍለጋ።

ጎጃም የዓይን ነርስ ሆኜ ስሠራ የስንቱን ልጅ ቆብ ገልብጫለሁ! «ወደ ታች እይ» እለዋለሁ፤ ሽፋሽፍቱን በጣቴ ይዤ ቆቡን ቅልብስ። ውስጡ ቀልቶ ነጫጭ ፍሬ የመሰለ ነገር ካወጣ ትራኮማ ነው። ልጁ ያለቅሳል፣ እናቱ ጭንቅላቱን ይዛ «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አለቀ» ትለዋለች። ያውም በጣት ነው። ከዚያ መድኃኒቱን ሰጥተን ወደ ቤቱ እንሸኘዋለን።

እዚህ ግን ቤቱ ከባሕሩ ወዲያ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1881 እስከ 1914 ሁለት ሚሊዮን ያህል አይሁድ ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ አሜሪካ ፈልሰዋል። ብዙ ጊዜ አባት ይቀድማል፤ ኒው ዮርክ ልብስ ሲሰፋ ከርሞ የመርከብ ቲኬት ይልካል። እናት ልጆቿን ሰብስባ፣ አንዳንዴም ታላቅ እህት ታናናሾቿን ይዛ፣ ድንበር አቋርጠው ሃምቡርግ ወይም ብሬመን ይደርሳሉ። ሃምቡርግ ላይ የመርከብ ኩባንያው በ1901 የከፈተው የስደተኞች መንደር ምኩራብም የኮሸር (በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ ምግብ) ወጥ ቤትም ነበረው። ሐኪምም ነበረው፣ እሱ እንኳ ለጽድቅ አይመስለኝም፤ በ1903ቱ የአሜሪካ ሕግ፣ ሲሳፈር በሽታው ሊታወቅ ይችል የነበረ ሰው ጭኖ የመጣ ኩባንያ በነፍስ ወከፍ 100 ዶላር ይቀጣ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ማዕበል በኋላ ነው መንጠቆዋ። ትራኮማ የተጠረጠረ ልጅ ልብሱ ላይ «CT» ተብሎ በጠመኔ ይጻፍበታል፤ በሽታው ከተረጋገጠ ወደ መጣበት ሊመለስ ይችላል። ብቻቸውን የመጡ ልጆች ደግሞ ጤነኛም ቢሆኑ ዘመድ መጥቶ እስኪረከባቸው እዚያው ያድራሉ። የኮሸር ወጥ ቤት ደሴቱ ላይ የተከፈተው በ1911 ነው፤ እስከዚያ ሃይማኖቱን የሚያጠብቀው ልጅ ምን በልቶ እንደከረመ እንጃ።

ደሴቱ ላይ ከደረሱት ስደተኞች ወደ መጡበት የተመለሱት ከመቶ ሁለት ያህሉ ብቻ ናቸው ይላሉ። እኔም ሪፖርት ጽፌያለሁ፤ ሁለት በመቶ ወረቀት ላይ ሲያዩት ደስ የሚል ቁጥር ነው። የታመመው ሕፃን ከሆነ ግን እናቱ አብራው ትመለሳለች፤ ባልዋ እኮ ማዶ፣ ማንሃተን ቆሞ እየጠበቃት ነው።

«አንቺ ብትሆኚ ታሳልፊያቸው ነበር?» አለችኝ የአክስቴ ልጅ።

«ትራኮማ ካለበት አለበት ብዬ ነው የምጽፈው።»

«ወይ ጉድ! ጨካኝ ነሽ።»

«ያኔ የነበረው ሕክምና ቆቡን በመዳብ ሰልፌት ማሸት ነው፣ ለወራት። አሁን በዓመት አንዴ የሚዋጥ መድኃኒት አለ።»

«የጠየቅኩሽ እሱን አይደለም» አለችና ወደ ጀልባው ሰልፍ ሄደች።