የደብረ ብርሃን ምንጣፍና የትርፍራፊ ክር አሻንጉሊቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ወደ ደብረ ብርሃን የሄድሁት ከሥራዬ የሚተርፈው ቁራጭ ጨርቅ በማዳበሪያ እየታጨቀ ቤቴን ስለሞላው፣ በእጃቸው የሱፍ ምንጣፍ የሚሠሩ ሰዎች የእነርሱን ትራፊ ምን እንደሚያደርጉት በዓይኔ ለማየት ነበር። ለዓመታት ቁራጮቼን ለፍራሽ መሙያ በነጻ ስሰጥ ኖሬአለሁ፤ ከዚያ የተሻለ መላ እንዳለ ግን ልቤ ይነግረኝ ነበር።

ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ተኝቼ አለፍሁት። ከላምበረት መናኸሪያ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ረዳት ግን ሰንዳፋን ካለፍን በኋላ ከታሪፉ በላይ 20 ብር እንድንጨምር ጠየቀን፤ ምክንያቱን ስንጠይቀው የገበያ ቀን መሆኑን ብቻ ነገረን። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ነገሩ እስከ ጫጫ ድረስ ከውስጤ አልወጣም። እኛ ዘንድ ባጃጅ ነጂ እንኳ ዋጋውን የሚናገረው ተሳፋሪው እግሩን ከማንሣቱ በፊት ነው፤ መንገድ ከተጋመሰ በኋላ ዋጋ መጨመር በሰው መቸገር መጠቀም ስለሆነ ዛሬም ይቅር የምለው ነገር አይደለም።

ደብረ ብርሃን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቷት፣ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ያላት ከተማ ናት። ድሬዳዋ ከዚህ ከፍታ ግማሹን እንኳ አትደርስም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፍሁት የቆላ ሰው ሁሉ ይገባዋል። ያረፍሁበት ቤት አንድ ስስ ብርድ ልብስ ነበረው፤ ሁለተኛ ስጠይቅ 30 ብር ተጨማሪ እንድከፍል ተነገረኝ፣ ከፍዬም የመጣልኝ ከመጀመሪያው የባሰ የሳሳ ነበር። ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባላት ከተማ እንግዳ በብርድ እንዲያድር ማድረግ ነውር ነው ብዬ ለባለቤቷ ነግሬአታለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ሲነጋ የግቢው ሣር በውርጭ ነጥቶ ነበር።

በዚያው ጠዋት በር ላይ ቆሜ ፀሐይ ስጠብቅ፣ በጆንያ የተቋጠረ ሱፍ በአህያ ጭነው የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ይኼ ነጠላ እዚህ አይሆንሽም» ብለው የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። ወዴት እንደምሄድ ሲጠይቁኝ ምንጣፍ ወደሚሠራበት ቤት መሆኑን ነገርኋቸው፤ እርሳቸውም ሱፉን የሚያደርሱት እዚያው ስለነበር አብረን ሄድን። በመንገድ ላይ ስለ በጎቻቸው ያወሩልኝ ነገር በጣም ጠቅሞኛል። አብዛኞቹ የሀገራችን በጎች ጠጉራቸው አጭር ስለሆነ ለፈትል የሚሆን ሱፍ አይሰጡም፤ የመንዝ በግ ግን ብርዱን የሚቋቋምበት ሱፍ ስላለው፣ የአካባቢው ሰው የሚተኛበትን ብርድ ልብስ ባናንም የሚደርበውን ካባ በርኖስንም ከዚሁ ሲሠራ ኖሯል። ሱፉ ሸካራ ነው፤ ለአንገት ልብስ የሚመቸው ላይሆን ይችላል፣ ለሚረገጥ ነገር ግን ከለስላሳው ይልቅ ሸካራው ይመረጣል፣ ምክንያቱም ተረግጦ ተመልሶ ይቆማል። ጋቢውን ልመልስ ስል፣ ማታ ሲመለሱ እንደሚወስዱት ነግረውኝ ሄዱ፤ ለድካማቸውም ምንም አልተቀበሉኝም።

የሥራ ቤቱ አንድ ሰፊ ክፍልና ፀሐይ የሚገባበት በረንዳ ነው። የቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም እማማ የሚሏቸው፣ ጥያቄዬን ከሰሙ በኋላ ሳያመነቱ ወንበር ሰጥተው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ድሩ የጥጥ ክር ሆኖ በቋሚ የእንጨት መወጠሪያ ላይ ከላይ ወደ ታች ይዘረጋል፤ ሠራተኛዋ የሱፉን ክር በሁለት በሁለት የድር ክሮች ላይ እየቋጠረች በቢላዋ ትቆርጣለች፣ አንድ ረድፍ ሲያልቅ ማግ ታሳልፍና በማበጠሪያ ወደ ታች ትመታዋለች። ቀለም የተነከረ ክር በዚህ ቤት ጥቂት ነው፤ ጥቁሩም፣ ቡናማውም፣ ግራጫውም፣ ነጩም በጉ ላይ የበቀለው ነው። አንዲት ልጅ ጠዋት የጀመረችው የመስቀል ንድፍ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከአንድ ጣት ስፋት ብዙም አላለፈም ነበር። እኔ በስፌት መኪና ፊት ተቀምጬ ቀኑን በሙሉ ስለማሳልፍ ትዕግሥት ያለኝ ይመስለኝ ነበር፤ የእነዚህ ልጆች ትዕግሥት ግን ሌላ ነው።

ወደ መጣሁበት ጉዳይ ስንደርስ እማማ ሦስት ቅርጫት አወጡ። በአንዱ ውስጥ ምንጣፉ ተቆርጦ ሲወርድ መወጠሪያው ላይ የሚቀረው፣ አንድ ክንድ የማይሞላ የድር ጫፍ ነበር። በሁለተኛው ከቋጠሮ የተረፉ አጫጭር የሱፍ ክሮች በየቀለማቸው ተለይተው ተቀምጠዋል። ሦስተኛው የምንጣፉ ፊት በመቀስ ሲስተካከል የሚወድቀውን ብናኝ ሱፍ ይዟል። የድሩ ጫፍ ለአሻንጉሊት ጠጉርና ጅራት ይሆናል፤ አጫጭሩ ሱፍ እየተቀጣጠለ ለትንንሽ ምንጣፎች ዳር ይውላል፤ ብናኙ ደግሞ የአሻንጉሊት ሆድ ይሞላል። ብናኙ የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውኃ ሳይታሽ ነው፤ በሙቅ ውኃ የታሸ ሱፍ ተጣብቆ ይጠጥራልና ለመሙያ አይሆንም። ከዚያም በፀሐይ በደንብ ይደርቃል፣ በየጊዜውም ይራገፋል፤ ተከድኖ የተረሳ ሱፍ ብል ስለሚበላው።

አሻንጉሊቶቹን የሚሠሩት ሁለት ልጃገረዶች ናቸው። ክራቸው ከቦንዳ ልብስ የተገኘ አሮጌ ሹራብ ተተርትሮ የሚወጣ ነው፤ ሹራቡን ሲመርጡ እያየሁ የተማርሁት ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው። አንደኛዋ ሹራቡን ገልብጣ የጎኑን ስፌት ትመረምራለች። ክፍሎቹ በየቅርጻቸው ተሠርተው የተጋጠሙ ከሆኑ ጠርዛቸው ሙሉ ስለሆነ ክሩ ሳይቆረጥ እስከ መጨረሻው ይተረተራል፤ ከተዘረጋ ጨርቅ በመቀስ ተቆርጦ የተሰፋ ሹራብ ግን በየመስመሩ የተበጠሰ ክር ብቻ ይሰጣል። የተተረተረው ክር እንደ ተጠማዘዘ ስለሚቆይ ተጠቅልሎ በለብታ ውኃ ይነከርና ከታች ትንሽ ክብደት ታስሮበት ተሰቅሎ ያድራል፤ በነጋታው ቀጥ ብሎ ይገኛል። ከዚያ በኋላ በኪሮሽ ዙሪያውን እየዞሩ መሥራት ነው፤ ከራስ ይጀመራል፣ እየሰፋ ሄዶ እንደገና ይጠብባል፣ ከመዘጋቱ በፊት ይሞላል። ዐይኑን በቁልፍ ፈንታ በጥቁር ክር ይሰፉታል፤ ሕፃን ቁልፉን ነቅሎ ሊውጠው ስለሚችል። በግ፣ አህያና ዶሮ ይሠራሉ፤ በጉ የእውነተኛ በግ ሱፍ በሆዱ ይዞ ሲታይ በጣም ደስ ይላል።

እኔ ከያዝሁት የቁራጭ ጨርቅ ከረጢት ደግሞ እማማ አንድ ትንሽ ምንጣፍ አስጀመሩልኝ። ጨርቁ ሁለት ጣት ስፋት ባለው ቅዳጅ ይቆረጥና በማግ ፈንታ ይገባል። ቅዳጆቹን በስፌት ልቀጥል ስል ከለከሉኝ፤ የሁለቱን ጫፍ በመቀስ ትንሽ ቀደው አንዱን በሌላው ውስጥ አሳልፈው ሳቡት፣ መጋጠሚያውም ሳያብጥ ተያያዘ። በሃያ ዓመት የልብስ ስፌት ሥራዬ ያላየሁት ዘዴ ነው። ለቀለምም አንድ ደንብ ሰጡኝ፦ «ትንሽ ያለሽን ቀለም አስቀድመሽ ለሁለት ክፈይው፤ ግማሹን ለመነሻው ግማሹን ለመጨረሻው አስቀምጪ።» ትራፊ ቁሳቁስ መሐል ላይ ሲያልቅ ከሱቅ ገዝቶ የሚተኩት አይደለምና፣ ንድፉ የሚወጣው ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ከተለየና ከተመዘነ በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ መኪና ያቆሙ መንገደኞች ገቡ። አንዱ የክር በግ አንሥቶ ዋጋውን ጠየቀ፤ 60 ብር ሲባል 25 ሰጠ፣ ምክንያቱም «ከትርፍራፊ ነው የተሠራው» የሚል ነበር። ልጅቷ ምንም አልመለሰችም። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም፤ ያን በግ ለመሥራት ሹራቡ መመረጡን፣ መተርተሩን፣ መታጠቡን፣ ተሰቅሎ ማደሩን፣ ሱፉም ለብቻው ታጥቦ መድረቁን፣ ይህ ሁሉ ኪሮሹ ከመነሣቱ በፊት የተሠራ ሥራ መሆኑን ነገርሁት። አዲስ ክር የሚገዛ ሰው እነዚህን ቀናት ሁሉ በገንዘብ ያልፋቸዋል፤ በትራፊ የሚሠራ ግን በእጁ ይከፍላቸዋል። ታዲያ በምን ስሌት ነው ዋጋው የሚወርደው? ከእኛም ከተማ ሐረር ሄዶ ከሣር የተሰፋ ዕቃ የሚገዛ ሰው በሣሩ ዋጋ አይከራከርም፤ የሚከፍለው ለእጅ መሆኑን ያውቃል። መንገደኛው 50 ብር ከፍሎ ወሰደ። ቀሪው 10 ብር አሁንም ያሳዝነኛል።

ሽማግሌው ማታ ጋቢያቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ከአሻንጉሊቶቹ አንዱን ለልጅ ልጃቸው ገዝቼ ሰጠኋቸው፤ እርሳቸውም መረቁኝ። እኔ በዚያ ሌሊት ያረፍሁት በእማማ ቤት፣ በከባድ ጥቁር ባና ሥር ነበር፤ እስኪነጋም አልተነቃነቅሁም።

ከመሄዴ በፊት ለሳሎኔ የሚሆን ከጨርቅ ቅዳጅና ከአጫጭር ሱፍ የተደባለቀ ምንጣፍ አዘዝሁ፤ ዋጋው 900 ብር ነበር፣ ግማሹን ቀብድ ከፈልሁ፣ ለፋሲካ እንዲደርስልኝም ተስማማን። ቅዳጁን ከድሬዳዋ የምልከው እኔ ነበርሁ፤ እማማ የጠየቁኝም ቀላል ነገር ነው፦ የሚለጠጠውን ጨርቅ ከማይለጠጠው ለይቼ፣ ቀለም የሚለቀውን አስቀድሜ አጥቤ፣ ነጩን ለብቻው እንድልክ። የመጀመሪያውን ማዳበሪያ በአውቶቡስ ልኬ፣ በሳምንቱ ሁለተኛውን እለይ ነበር።