«ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» ከማለታችሁ በፊት

ስለ ልጄ ኦቲዝም ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «አፉን ፈታ?» ደረጃ ሲወርድ ግድግዳውን ሙጥኝ ማለቱን፣ ወንበር ላይ ትንሽ ሳይቆይ ወደ ጎን መዝመሙን የሚጠይቅ የለም። እኔ ደግሞ ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለዚህ፣ ስለ ሰውነት ሚዛን ነው።

ልጄ ቆሞ ፊቱን ሲታጠብ ብታዩት ይገባችኋል። ሳሙና ተቀብቶ ዓይኑን ሲጨፍን ሰውነቱ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ወዲያው አንድ እጁ የመታጠቢያውን ጠርዝ ይፈልጋል። ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው ከዓይን፣ ከውስጠኛው ጆሮ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣውን መረጃ አንጎሉ አዋህዶለት ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ላይ ይሄ ማዋሃድ ይከብዳል። ቆመው እንኳ ከእኩዮቻቸው በላይ ይወዛወዛሉ። ጡንቻቸው ላላ ያለም አሉ። አዲስ ግኝት አይደለም፤ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. ስለ ኦቲዝም ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ሕፃናቱ ሊያነሷቸው ሲሉ ሰውነታቸውን አስቀድመው እንደማያዘጋጁ ጽፎ ነበር።

ስለዚህ መምህራን፣ አክስቶች፣ ጎረቤቶች፣ እባካችሁ «ሰነፍ»፣ «ልፍስፍስ» አትበሉት። ጠረጴዛ ላይ የሚደፋው ንቋችሁ አይደለም። ቀጥ ብሎ መቀመጡ ራሱ ሥራ ሆኖበት፣ እሱን ሲታገል የምትሉት ያመልጠዋል።

እኛ ቤት የጠቀመን ቀላል ነገር ነው፤ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠን ከእግሩ ሥር አደረግንለት። እግሩ ከመንጠልጠል ሲያርፍ ወገቡም ይረጋል። ሰኞ ማክሰኞን ደግሞ በጣም እወደዋለሁ! በአንድ እግር መዝለል፣ መዞር፣ ጎንበስ ብሎ ጠጠሯን ማንሳት፣ ሁሉም ሚዛን ነው። የጀመርነው እጁን ይዤው፣ በሁለት እግሩ እየዘለለ ነው። ካልፈለገ አላስገድደውም፣ ጨዋታው ቅጣት እንዳይመስለው።

ሁልጊዜ በእግሩ ጣቶች የሚሄድ ልጅ ካላችሁ ግን ሐኪም ይየው፤ የተረከዙ ጅማት እያጠረ ሊሄድ ይችላል። ይችል የነበረውን ካቃተው ወይም አንድ ጎኑ ብቻ ከደከመ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዱት።

ፊዚዮቴራፒስት (የሰውነት እንቅስቃሴ ባለሙያ) ወይም ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (እንደ መልበስና መታጠብ ያሉ የዕለት ተዕለት ሥራዎችን የሚያለማምድ ባለሙያ) ዘንድ ስትሄዱም ስለ ንግግሩ ብቻ አውርታችሁ አትውጡ። ደረጃ ሲወርድ፣ ቆሞ ሱሪ ሲያጠልቅ በስልክ ቀርጻችሁ ያዙ። እዚያ ሲደርስ እምቢ ሊል ይችላል፣ ቪዲዮው ግን ያሳያቸዋል።