ዛሬ ሱብሂን በጀማዓ ሰገድኩ

አልሐምዱሊላህ። እናቴ ወደ አኺራ ከሄደች አራት ወር ሆናት። ከዚያ ወዲህ ሶላቴን ባልተውም የንጋቱ ሶላት ሱብሂ እያመለጠኝ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ልቤ ሳይኖርበት ቀዷ አወጣ ነበር። "ተነሥ ልጄ፣ አዛን ብሏል" የሚለኝ ድምፅ የለማ።

ዛሬ ግን ራሴ ነቃሁ። ከመስጂድ ስወጣ ቤት መግባት ስላላሰኘኝ ወደ ጣና ዳር ወረድኩ። ባሕር ዳር ገና አልነቃችም። ከሐይቁ ዳር ማኅበረሰብ ከነገደ ወይጦ የሆኑ አንድ አባት ደንገል የሚባለውን የሐይቅ ዳር ተክል ዘርግተው ታንኳ ያስራሉ። ሰላምታ ሰጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ደንገሉን በእግራቸው ረግጠው ገመዱን በሁለት እጃቸው ይስቡታል፤ በየቋጠሮው "ቢስሚላህ" ይላሉ። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ታንኳው ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል፤ ከወራት በኋላም ሌላ መሥራት ነው። ስለ እናቴ ነገርኳቸው።

"አላህ ይዘንላት። ዱዓውን አታቋርጥባት ልጄ" አሉኝና ወደ ገመዳቸው ተመለሱ።

በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 155 በፍርሃት፣ በረሃብ፣ በገንዘብ፣ በነፍስና በፍሬ መጉደል እንደምንፈተን ተነግሮናል። ከልጅነቴ ስሰማው ኖሬ "ነፍስ" የምትለዋ የእናቴም መሆኗ የገባኝ ዘንድሮ ነው። ፈተና ሲመጣ ኢማን ወዲያው ይጠነክራል የሚሉ አሉ፤ እኔን ግን መጀመሪያ አድክሞኛል። ያቆየችኝ ያቺ የዘገየች፣ የደከመች ሶላት ናት። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው ነው ብለዋል።

የስልኬን ማንቂያ ለነገ ሱብሂ ሞልቻለሁ። እናቴን በዱዓችሁ አስቡልኝ።